ተነፈግን ወይስ ተካድን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ሀብታም ቤተሰብ ድራማዎች የሰበሰበውን የተመልካች አስተያየት አነበብኩ። «አባትየው ያለ ጊዜው ተገደለ»፣ «መጨረሻው አናደደኝ»፣ «አንድም የሚወደድ ሰው የለበትም»፣ «ያየሁት ሁሉ ከንቱ ቀረ» የሚሉ ቅሬታዎች ተደርድረዋል። ጽሑፉ ሁሉንም በአንድ ቋት ጨምሮ «ተመልካቹ አልረካም» ብሎ ዘጋው። ቋቱ ግን ሁለት መሆን ነበረበት። የፈለገውን የተነፈገ ተመልካችና ያየውን የተካደ ተመልካች እኩል ይጮኻሉ፤ ደራሲው ሊጠየቅ የሚገባው ግን ለሁለተኛው ነው።

ከመነፈጉ ልጀምር። በአሜሪካው ተከታታይ ድራማ ሰክሴሽን ላይ የሚዲያ ባለጸጋው ሎገን ሮይ የሞተው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2023 በተላለፈው ክፍል ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ 10 ክፍሎች ሲኖሩት ይህ ሦስተኛው ነበር። ልጆቹ ለወንበሩ ሲናጩ ዓመታት የተከታተለ ሰው ሽማግሌው ቢያንስ እስከ ማብቂያው ይደርሳል ብሎ ጠብቋል። እሱ ሞተ፤ ሞቱም አልታየም። አባት አውሮፕላን ላይ ነው፣ ልጆች የታላቅ ወንድማቸው የኮነር ሠርግ ያለበት መርከብ ላይ ናቸው። ስልክ ይጮኻል። የሴት ልጁ የሺቭ ባል ቶም ነው፤ የአባታቸውን ደረት እየተጫኑት እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ያስጠጋላቸዋል። ልጁ ሮማን ይንተባተባል፣ ስልኩ ወደ ወንድሙ ኬንዳል ያልፋል፣ ኬንዳል እህቱን ሊጠራ ይወጣል። ሰውየው በሕይወት ይኑር አይኑር ከመርከቡ ላይ የሚያውቅ የለም። የአልጋ ዳር ኑዛዜ የለ፣ እጅ ለእጅ መያያዝ የለ።

«ለመቅረጽ ስለከበዳቸው በስልክ አለፉት» የሚል አስተያየት ገጻችሁ ላይ አይቻለሁ። ነገሩ ግልባጩ ነው። ሰክሴሽን የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ካሜራው ላይ የሚጫነው አንድ ጥቅል 10 ደቂቃ ገደማ ሄዶ ያልቃል፤ ሲያልቅ ካሜራው ይቆማል፣ ጥቅሉ ይቀየራል፣ ተዋናዩ እስከዚያ ይቀዘቅዛል። ዳይሬክተሩ ማርክ ማይሎድ ትዕይንቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ሳያቋርጥ ለማስኬድ ስለፈለገ ተጨማሪ ካሜራ አስገባ፤ አንዱ ጥቅል ሲቀይር ሌሎቹ እየቀረጹ እንዲቆዩ ተራ ወጣላቸው። በኋላ ተቆራርጦ ቢቀናበርም፣ ሮማን ስልኩን ይዞ ምን እንደሚል ሲጠፋው ፊቱ ላይ የሚታየው ድካም ከዚያ የመጣ ነው። ሬሳ ማሳየት ከዚህ ይቀል ነበር።

እዚህ ላይ ሰብታይትልም (ከምስሉ ስር የሚጻፈው ትርጉም) ጥፋት አለው። ልጆቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይናገራሉ፤ ሰብታይትል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መስመር አያልፍም። ሦስት ሰው ባንዴ ሲጮህ ተርጓሚው አንዱን መርጦ ሌሎቹን ይጥላል። በዚህ መንገድ ያየው ሰው «ልጆቹ ቀዝቃዛ ናቸው» ቢል አልፈርድበትም፣ የጎደለው ግን ድራማው ላይ አይደለም። (ቶሎ ተገደለ የሚለውን ቅሬታ በተመለከተ፣ ሎገንን የተጫወተው ብራያን ኮክስ ራሱ በአደባባይ ብሎታልና ተመልካቹ ብቻውን አይደለም።)

የሜይ 28ቱ ማብቂያም እንዲሁ ነው። ኩባንያው ይሸጥ አይሸጥ በሚለው ላይ የቦርዱ ድምፅ እኩል ለእኩል ደርሶ ሺቭ ብቻ ትቀራለች፤ ወንድሟን ኬንዳልን ከድታ ለሽያጩ ትወስናለች። «በቅናት ነው» የሚሉ አሉ። ቅናትም ይኖርበት ይሆናል፤ ግን መስታወት ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ የሆነውን ደግመው ይዩት። ኬንዳል በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ መኪናው ውሃ ውስጥ ገብቶ አስተናጋጁ ልጅ ሞቷል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ይህንን ለእህትና ወንድሙ አልቅሶ ተናዝዟል። አሁን ሺቭ ስታነሳበት አልሆነም ብሎ ይክዳል። የሺቭና የሮማን ፊት ያኔ ይለወጣል። ድምፁን የወሰነው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የተተከለ ነገር ነው። ኬንዳል እንዲነግሥ የፈለገ ሰው ተነፈገ እንጂ አልተካደም።

ክህደቱን ማየት ለሚፈልግ የድሮው የአሜሪካ የሀብታም ቤተሰብ ድራማ ዳላስ አለ። ቦቢ ዩዊንግ በሜይ 1985 ሞተ፤ ተዋናዩ ፓትሪክ ደፊ ለቆ ነበር። ቀጣዩ ምዕራፍ 31 ክፍሎች ሄደ። የወንድሙ የጄ.አር. ሚስት ሱ ኤለን በመጠጥ ጎዳና ላይ እስክትወድቅ ደረሰች፣ ታክማ ተነሳች፤ የቦቢ ፍቅረኛ ፓም ሌላ ባል አገባች። ከዚያ ደፊ ተመለሰ። በሜይ 1986 ፓም ከእንቅልፏ ነቅታ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትከፍት ቦቢ ሻወር ስር ቆሟል፤ በሴፕቴምበር ሁሉም ሕልም ነበር ተባለ። የሱ ኤለን ውድቀትም ማገገምም አብሮ ተሰረዘ። እህት ድራማው ኖትስ ላንዲንግ፣ የቦቢ ወንድም ጋሪ የሚኖርበት፣ ሕልሙን አልተቀበለውም፤ እዚያ ቦቢ ሞቶ ቀረ። «ያየሁት ሁሉ ከንቱ ቀረ» የሚል ሰው እንዲህ ሲደረግ እውነቱን ነው። ያው ዳላስ በማርች 1980 ጄ.አር.ን በጥይት አስመትቶ ተኳሹን እስከ ኖቬምበር 21 ሲደብቅ፣ መዘግየቱ በከፊል በተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ነበር፣ ተመልካቹ ተቆጥቷል፤ መልሱ ግን መጣ፣ የተኮሰችውም አስቀድሞ ስትበደል የታየችው የሚስቱ እህት ክሪስቲን ነበረች።

«የሚወደድ ሰው የለም» ለሚለው የምለው ትንሽ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኢየን አንግ የተባለች ተመራማሪ ዳላስን ለምን እንደሚወዱ ወይም እንደሚጠሉ እንዲጽፉላት በሴቶች መጽሔት ማስታወቂያ አወጣች። 42 ደብዳቤ ደረሳት። ያንን ያህል ይዛ የሠራችው የተቆጡትንና የተደሰቱትን በመቁጠር ሳይሆን ሰዎቹ ሲጠሉም ሲወዱም ምን እያዩ እንደነበር አንድ በአንድ በማንበብ ነው።

ስለዚህ ዘጋቢያችሁ ቀጣዩን አስተያየት ሲሰበስብ «ወደዱት?» ብሎ አይጀምር። የትኛው ክፍል ላይ እንዳቆሙ፣ በየሳምንቱ ወይስ ባንድ ሌሊት እንዳዩት ይጠይቅ፤ ያናደዳቸውን ትዕይንትም ማን የት ቆሞ እንደነበር እንዲያስረዱ ያድርግ። ይህንን መመለስ የማይችል ሰው ብዙውን ጊዜ ያየው ቅንጭብጭብ ነው። ሌላው ርዕሱ ነው። ሎስ አንጀለስ ታይምስ ሎገን የሞተበት ክፍል በተላለፈበት ምሽት ለገጸ ባሕሪው የሞት ዜና ጽፎ አውጥቶ፣ ገና ያላዩት ሰዎች ወቅሰውታል። የሟቹን ስም ከርዕስና ከፎቶ ስር አውጥታችሁ ወደ ሦስተኛው አንቀጽ አውርዱት።

ከአክብሮት ጋር