ክራሮቻችንን ላቆማችሁልን ሁሉ

ለተማሪዎቼ ወላጆች፣ ለሥራ ባልደረቦቼና ለሰፈራችን ሰዎች፤ ደሴ

ቅዳሜ ዕለት ልጆቹ ተጫውተው ከመድረክ ሲወርዱ እንባ ተናነቀኝ፤ አንዳችሁንም ሳላመሰግን ተለያየን። ይኸው ዛሬ እጽፋለሁ።

ያለፈው ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ያሉንን 4 ክራሮች አበሰበሳቸው። መስከረም ላይ ስንከፍተው ቆዳቸው ረግቧል፣ የአንዱ ገበቴ ተሰንጥቋል። የክወናና እይታ ጥበባት መጽሐፍ አለ፣ ክፍለ ጊዜው አለ፣ በአንድ ክፍል 58 ልጆች አሉ፤ የሚጨበጥ መሣሪያ ግን የለም። ካርቶን ላይ አምስት መስመር አሥምረን የትኛው ክር በየትኛው ጣት እንደሚታፈን፣ የትኛው እንደሚለቀቅ ስንለማመድ ሁለት ወር ሄደ። አንዲት ልጅ ካርቶኗን ደረቷ ላይ አስደግፋ “ቲቸር፣ እኔ ይሰማኛል” አለችኝ። ያን ሳምንት ነው በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የለመንኳችሁ።

የሉካንዳ ቤቱ ጋሼ፣ የፍየል ቆዳውን አንድ ብር ሳይቀበሉ ሰጡን። አናጺው አባት ሦስቱን ጠግነው ሦስት አዲስ ጨመሩልን። የባለቤትዎን መታሰቢያ ክራር ከግድግዳ አውርደው የላኩልን እናታችን፣ ክሩን ቀይረንለታል፤ ቅዳሜ መሐል ላይ የተቀመጠው ልጅ የተጫወተው በእሱ ነው።

አባባ፣ የግቢያችን ጠባቂ! ለዋሽንት የሚሆነውን ሸምበቆ ከወንዝ ዳር ተሸክመው አምጥተው፣ በጋለ ብረት አራት አራት ቀዳዳ በሱልን። ቁመቱን እኩል ብንቆርጠውም የሸምበቆው ውፍረት ስለሚለያይ ድምፁ አልገጥም እያለ ስንቱን ጣልን። እርስዎ ግን በማግስቱ ሌላ ይዘው ይመጡ ነበር። የተስማሙ 6 ዋሽንቶች ሲገኙ ክራሮቹን በእነሱ ቃኘን። የሒሳብ መምህራችንም በምሳ ሰዓት ክፍልህን ለቀህልን ደጅ ቆመህ ደብተር ስታርም አይቼሃለሁ፤ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ባቲና አምባሰል የሙዚቃ ቅኝቶች ብቻ ሳይሆኑ የገዛ አገራችን የወሎ የቦታ ስሞችም ናቸው። የወሎ ልጅ ቅኝቶቹን በስም ብቻ አውቆ፣ ጣቱ ሳይነካቸው ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ ያንገበግበኝ ነበር። ዘንድሮ ትዝታን፣ ባቲንና አምባሰልን ተጫወቱ። አንቺሆዬን መስከረም ላይ እንጀምራለን።

ክራሮቹ በዚህ ክረምት ዕቃ ቤት አይገቡም፤ በየተራ በልጆቹ ቤት ይከርማሉ። ከዝናብና ከምድጃ አጠገብ አርቁልን። ልጆቹ ሲያነሷቸው ግን እባካችሁ አትከልክሏቸው።

የልጆቻችሁ የሙዚቃ መምህር