ፎረንሲክ ለ11ኛ ክፍል? አዎ፣ ግን እንደ ፊልሙ አይሁን

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ሰሞኑን ስለ 11ኛና 12ኛ ክፍል የምርጫ ትምህርቶች ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ይሄን የምጽፈው። እዚህ ደሴ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ግብርናው፣ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ ንግዱ ብዙ ተብሏል ሸጋ ነው፣ እኔ ግን ማንም ያላነሳትን አንዷን ላንሳ፦ ፎረንሲክ ሳይንስ። አሻራ፣ የጫማ ዱካ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ዲኤንኤ ምናምን፣ ባጭሩ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ በሳይንስ እንዴት እንደሚመረመር የሚያስተምር ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ሃይስኩል ተማሪው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ከወሰደ በኋላ መርጦ የሚማረው ኮርስ ነው፣ ቴክሳስ ላይ እንደውም እንደ አንድ የሳይንስ ትምህርት ይቆጠርለታል። እኛ ጋ ለምን አይሆንም?

ስታፍ ውስጥ ሳነሳው አንዱ ባልደረባዬ "ልጆቹን ሌብነት ልታስተምራቸው ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ጓንት አድርጎ መስረቅን ልጆቹ ከፊልም ከተማሩት ቆይተዋል እኮ፣ ያልተማሩት ሌላውን ነው፣ ሰው ሌባ ነው ከመባሉ በፊት ምን መቅረብ እንዳለበት።

ድሮ ባገራችን ንብረት ሲጠፋ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ አውጫጭኝ ነው፣ ያገሬው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ አዝመራ ይርገፍ ከብት ይጥፋ የሚሰማ የለም። ሁለተኛው ሌባሻይ ነው፣ አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ወገቡን ታስሮ ይለቀቃል፣ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። አውጫጭኙን ሙሉ በሙሉ አልንቀውም፣ ቢያንስ ያየ ሰው ያየውን የሚናገርበት ነው። ሌባሻይ ግን የሰከረ ህጻን ላይ የተሰቀለ ፍርድ ነው። ዛሬ ቀርቷል እንላለን፣ ወላሂ እኔ መቅረቱን እጠራጠራለሁ፣ ክፍል ውስጥ ስልክ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ ቦርሳው የሚፈተሸው ማነው? ድሃው ነው፣ ወይ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው። ፌስቡክ ላይ የሰው ፎቶ ተለጥፎ "ሌባ ነው ሼር አድርጉ" ሲባልስ ማስረጃው የታለ ብሎ የሚጠይቅ ስንት ሰው ነው?

"እሱ ራሱ አምኗል" የሚባለውም እንደዛው ነው። እንግሊዝ ሌስተር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተገደሉ፣ ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ያዘ፣ ልጁም ሁለተኛዋን ገድያለሁ ብሎ አመነ። በቃ አለቀ ይባል ነበር። ግን እዛው ሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ የሚባል ሳይንቲስት በ1984 ሰውን በዲኤንኤ መለየት የሚቻልበትን ዘዴ አግኝቶ ስለነበር ናሙናው ለሱ ተሰጠው፣ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ያመነው ልጅ አይደለም ብሎ መለሰ። እውነተኛው ገዳይ በ1988 ተፈረደበት። ዲኤንኤ ለወንጀል ምርመራ ገና ሲጀመር መጀመሪያ ያደረገው ነገር ንጹህ ሰው ማስፈታት ነው፣ ይሄን ለ11ኛ ክፍል ልጅ ስትነግረው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አሁን "ላብ ሳይኖር ምን ፎረንሲክ" የሚል ይመጣል። እውነቱን ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ወሎ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራው ተዘርፏል ተሰባብሯል፣ የቀረውም ኬሚካሉ ጊዜው ያለፈበት ነው። ግን ለዚህ ኮርስ መነሻ የሚያስፈልገው ነገር ሱቅ አለ። እርሳስ ወረቀት ላይ ደጋግመህ ታጠቁራለህ፣ ጣትህን ታሻለህ፣ በስኮች አንስተህ ነጭ ወረቀት ላይ ትለጥፋለህ፣ አሻራህ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። 60 ተማሪ ካለ 600 ጣት አለ ማለት ነው። አንዳንዱ አሻራ እንደ ቀስት ጎበጥ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ሄዶ የሚመለስ፣ አንዳንዱ እንደ አዙሪት የሚዞር። ሄዶ ተመላሹ ከግማሽ በላይ ነው የሚባለው፣ ቀስቱ ደግሞ 5 ከመቶ አካባቢ፣ ልጆቹ የራሳቸውን ይቁጠሩና ያወዳድሩ፣ እዚህ ጋ የሂሳብ መምህሩ ይገባል፣ የሰውየው አሻራ "ይመሳሰላል" እና "የሱ ነው" ስንል ልዩነቱ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃቸዋል። ከዛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ፋይዳ ሊያወጡ ሄደው ማሽኑ ጣታቸውን አላነብም ያላቸው እናቶችና ድንጋይ ፈላጮች አሉ፣ ለምን? በስራ ብዛት መስመሩ ስለሚያልቅ ነው።

ጠመኔ እንኳን መሳሪያ ነው። ጠመኔው ላይ ከታች ከፍ ብለህ በውሃ በሚሟሟ ጥቁር ማርከር አንድ ነጥብ ታደርጋለህ፣ ትንሽ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ታቆመዋለህ፣ ውሃው ነጥቡን ይዞ ሲወጣ ጥቁር ያልነው ቀለም ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ እየሆነ ይለያያል። የእስኪርብቶ ቀለም በውሃ ስለማይሟሟ ለሱ አልኮል ያስፈልጋል። የተለያየ ካምፓኒ ማርከር የተለያየ ይወጣል። እንግዲህ ቼክ ላይ 1,000 ብር የነበረችው አንድ ዜሮ ተጨምሮባት 10,000 ስትሆን ዜሮዋ በሌላ ቀለም መጻፏ የሚታወቀው በዚሁ አይነት መንገድ ነው። ፎርጅድ በበዛበት አገር ይሄ ትርፍ እውቀት አይደለም። ይሄ ቀለም የመለያየት ዘዴ ክሮማቶግራፊ ይባላል፣ በትርጉሙ ሸምድዶ ለፈተና የሚጽፍ ልጅ ሞልቶኛል፣ አይቶት የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው።

ጀሶ አለ፣ ጭቃ ደግሞ በደሴ ክረምት ተመርቆ ይሰጣል። የጫማ ዱካ ላይ ቀጠን ያለ ጀሶ አፍስሶ ሲደርቅ ማንሳት ነው። እዚህ ጋ የሚገርመኝ በረባሶ ነው፣ ከጎማ የተሰራ ስለሆነ ዱካው የመኪና ይመስላል፣ የውጭ መጽሐፍ ላይ ይሄ የለም፣ የኛ ልጆች ራሳቸው ሊያጠኑት የሚገባ ነገር ነው።

ዝንብም ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1247 በተጻፈ የቻይና መዝገብ ላይ አንድ ሰው በማጭድ ተገድሎ መርማሪው የመንደሩን ማጭድ ሁሉ መሬት ላይ አስደረደረ ይላል፣ ሁሉም ንጹህ ይመስላል፣ ዝንቦቹ ግን አንዷ ላይ ብቻ ሰፈሩ፣ ባለቤቱም አመነ። ዛሬ ደግሞ ሬሳ ላይ ያለ የዝንብ ትል ዕድሜው ተሰልቶ የሞት ጊዜ ይገመታል፣ ትሉ ግን የሚያድገው በሙቀቱ ልክ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች ኮምቦልቻ ከ2,000 በታች፣ መሀላቸው ያለው መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አንድ አይነት ቁራጭ ስጋ ሁለቱም ቦታ አስቀምጦ በየቀኑ ትሉን መለካት ከየትኛውም የውጭ ትምህርት ቤት የተሻለ ኤክስፐርመንት ነው፣ ቦታው ራሱ አዘጋጅቶልናል።

ድንቅነሽንም አንርሳት፣ በ1967 ዓ.ም ስትገኝ ሐዳር በወሎ ስር ነበረች እኮ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያለፋት አጽም ለአካለ መጠን የደረሰች መሆኗ የታወቀው የመጨረሻ መንጋጋዋ በቅሎ ስለተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የቴክሳስ ተመራማሪዎች አጽሟን በሲቲ ስካን አይተው የትከሻዋ ስብራት ከዛፍ ወድቃ መሞቷን ያሳያል አሉ፣ መጀመሪያ ያገኛት ሰውዬና ሌሎች ደግሞ የለም፣ ይሄ አይነት ስብራት ከሞተች በኋላ በመሬት ክብደት የመጣ ነው አሉ። ማን ልክ ነው? ተማሪው ሁለቱንም አንብቦ ይከራከር፣ መልሱን የያዘ የመምህር መጽሐፍ አለመኖሩ ነው ጥሩው።

አሁን ዋናው ጉዳዬ ጋ ደረስኩ። ይሄ ትምህርት ከመጣ የፎረንሲክን ስህተት ጨምሮ ካልመጣ ይቅርብን። ፊልሙ ላይ ኮምፒውተሩ ቲጥ ይልና የገዳዩ ፎቶ ይወጣል፣ እንደዛ የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ማድሪድ ባቡር ላይ ፈንጂ ሲፈነዳ የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ከፍንዳታው ጋር ተያይዞ የተገኘ አሻራ አሜሪካ ኦሬጎን ያለ የአንድ ሙስሊም ጠበቃ ነው ብሎ ሰውየውን ሁለት ሳምንት አካባቢ አሰረው፣ የስፔን ፖሊስ አይደለም እያለ፣ በኋላ አሻራው የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘና ይቅርታ ጠየቁ። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ሪፖርት ከዲኤንኤ በስተቀር አብዛኛው ዘዴ፣ የጥርስ ንክሻ የጸጉር ማመሳሰል ምናምን፣ ይሄ ከዚህ ሰው ነው ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር በቂ ሳይንሳዊ መሰረት እንደሌለው ጻፈ። በ2015 ደግሞ ኤፍቢአይ በድሮ የጸጉር ምስክርነቶቹ ላይ ባደረገው ማጣራት ከታዩት መዝገቦች ቢያንስ 90 ከመቶው ላይ የተሳሳተ ነገር መነገሩን አምኗል። ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ ሲናገር ዝም ብሎ የሚያምን ተማሪ ካወጣን ሌባሻዩን በማይክሮስኮፕ ተካነው ማለት ነው። ባለሙያውን "እርግጠኛነትህ ስንት ነው? ከማን ጋር አወዳደርከው?" ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚያስፈልገን፣ ነገ ዳኛም ይሁን ገበሬ።

ሁለት ተቃውሞ አለ የማልንቀው። አንደኛው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። በ2014 ዓ.ም ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፣ ዋናው ሳይያዝ ምን ተጨማሪ ይላሉ። እኔ የምለው ደግሞ ዋናው ያልተያዘው ልጁ ኬሚስትሪን ከጥቁር ሰሌዳ ውጪ ስላላየው ነው። ሁለተኛው ስራ ነው፣ እዚህ ላይ ልጆቹን መዋሸት የለብንም፣ ባገራችን የፎረንሲክ ስራ ትንሽ ነው፣ ለረጅም ዓመታት ሬሳ እንኳ ለምርመራ ከዚህ ተጭኖ 400 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር የሚሄደው፣ ቤተሰብ ለቅሶ ተቀምጦ ቀን ይቆጥራል። ስለዚህ ስራ ታገኛላችሁ ተብሎ እንዳይሸጥ።

አንድ ነገር ከውጭ ኮርስ ላይ ይቀነስልኝ፣ ደም። እነሱ ጋ በቀለም የተሰራ ደም ግድግዳ ላይ እየረጩ ነው አረጫጨቱን የሚያጠኑት፣ ልጆቹም ይወዱታል አሉ። የኛ ልጆች ውስጥ የእውነተኛውን ያዩ አሉ። ደም፣ የሬሳ ፎቶ፣ መሬት ላይ የተሰመረ የሰው ቅርጽ፣ እነዚህ ክፍል አይግቡ። አሻራው፣ ቀለሙ፣ አፈሩና ዝንቡ ለአንድ ዓመት ይበቃል።

መጽሐፍ እስኪዘጋጅ ይጠበቅ አልልም። ለ11ኛ ክፍል በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ መምህር ተካፍለው ይያዙት፣ ካልሆነ በክበብ ይጀመር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ ነው፣ ባመት አንዴ አንድ ሐኪም ይላክልን፣ ከፖሊስ መርማሪ፣ ከፍርድ ቤት ደግሞ ማስረጃ ውድቅ አድርጎ የሚያውቅ ዳኛ ይምጣ፣ እኔ ከሁሉም የምፈልገው ዳኛውን ነው።

ደብዳቤው ረዘመ መሰለኝ። ቦታ ካነሳችሁ ከፈለጋችሁበት ቁረጡ፣ ስለ ስህተቱ የጻፍኩትን ብቻ አትንኩብኝ።

አክባሪያችሁ
የኬሚስትሪ መምህር፣ ከደሴ