«መንገድ የለም» ያላችሁት ስህተት ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ 16 ዓመቷ ልጅ የጻፋችሁትን አነበብኩት። የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ አንብቦታል። ከእናትና ከአባቴ ሥልጣን ነፃ ልውጣ ብላ ለፍርድ ቤት ማመልከቷ ጉድ ሆኖባችኋል። እሱን እንኳ ልለፈው። መሃል ላይ ያስገባችኋትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ማለፍ አልቻልኩም። «በኢትዮጵያ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከወላጅ ሥልጣን የሚወጣበት ሕጋዊ መንገድ የለም» ብላችኋል።

አለ እንጂ! የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 14 ዓመት የሞላው ልጅ በፍርድ ቤት ውሳኔ ነፃ ሊወጣ እንደሚችል ይናገራል። ነፃ ከወጣ በኋላ ራሱንም ገንዘቡንም በሚመለከት አካለ መጠን እንዳደረሰ ሰው ይቆጠራል። ይህን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው ብትጠይቁት ይነግራችሁ ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይኸውላችሁ። ይኸው ሕግ፣ ያገባ ልጅ በጋብቻው ብቻ ነፃ ይወጣል ይላል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ከባድ ምክንያት ካለ ግን የፍትሕ ሚኒስትሩ እስከ ሁለት ዓመት ቀንሶ ሊፈቅድ ይችላል። እንግዲህ በ16 ዓመቷ ተፈቅዶላት ያገባች ልጅ ሌላ ደጅ ሳትጠና የራሷ ሰው ሆነች ማለት ነው። ትምህርቴን ልጨርስ፣ የሠራሁበትን ራሴ ልቀበል ያለችው ግን ወላጆቿን የካደች ተብላ ወሬ ሆነች። ባል ይዛ ብትመጣ ኖሮ ትጽፉባት ነበር? አትጽፉም። ድንኳን ተጥሎ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሕጉ ልጅን በሌላ ጊዜ ትልቅ ሰው ለማድረግ አይሰስትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 15 ዓመት የሞላው ልጅ ሊቀጠር ይችላል። ወንጀል ከሠራ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ ያለው በመደበኛው የወንጀል ሕግ ይዳኛል። ለሥራና ለቅጣት የደረሰ ልጅ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ «ስሙኝ» ሲል ምኑ ነው ብርቁ?

«በከተማው ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች የወላጅ ቁጥጥር በመላላቱ» የምትለዋም አልተዋጠችልኝም። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። የእህቴን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። እናቷ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። አባቷ አለ ከተባለ አለ፤ ሲፈልግ ብቅ ይላል፣ ስንፈልገው የለም። በኛ ብሎክ ብቻ በአያት፣ በአክስት፣ በታላቅ እህት እጅ የሚያድገው ልጅ ብዙ ነው። ተቆጣጣሪ አጥተው አይደለም። ተቆጣጣሪያቸው ወረቀት ላይ ስሙ የለም፣ ችግሩ ይኼ ነው።

ባለፈው ክረምት ልጄን (ልጄ ነው የምላት) ትርፍ አንጀት ያዛት። ሌሊት ጎረቤት በመኪናው አንድ ሆስፒታል አደረሰን። የቀዶ ሕክምናው ቅጽ ላይ «ወላጅ ወይም ሞግዚት» የሚል መስመር አለ። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ነርሷ «እናት ነዎት?» አለችኝ። አክስት ነኝ አልኳት። «አባትስ?» ስልኩ ዝግ ነው። «እናትስ?» እሷም አታነሳም፣ በዚያ ሰዓት ስልኳ እጇ ላይ አይሆንም። ልጅቷ አልጋው ላይ ተኮራምታ «በቃ እኔ ልፈርም» ትላለች። አይቻልም ተባለ። በኋላ ሐኪሙ በራሱ ወስኖ አስገባት፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

ድና በወጣች ሰሞን አባትየው መጣ። ሊጠይቃት መስሎኝ ነበር። ለካ ቅዳሜና እሁድ እንጀራ ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን ከቀጣሪዋ ሊቀበል ኖሯል። አባት ነኝ አለ፣ ሰጡት። እኔ ደግሞ ሞግዚት ልሁን ብዬ ስጠይቅ «ሁለቱም በሕይወት አሉ» ተባልኩ። እናትየው ውክልና እንዳትልክ አሠሪዋ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሄዳ እንድትፈርም አትለቃትም። እስቲ ንገሩኝ፣ ለዚህች ልጅ ከፍርድ ቤት ሌላ ምን ቀራት?

ከወላጁ ጋር የተኳረፈ ሁሉ ነፃ ይውጣ እያልኩ አይደለም። ነፃ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ የገባህበትን ውል፣ የተበደርከውን ዕዳ ራስህ ትሸከማለህ። ዳኛው አጣርቶ፣ ልጁን አይጠቅመውም ብሎ ቢከለክል አልቃወምም። ግን አጣርቶ ነው! እናንተ ዳኛው የመዝገቡን ሽፋን ሳይገልጥ ፈረዳችሁ። የዚያችን የ16 ዓመት ልጅ ወላጆች አነጋገራችሁ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋገራችሁ፣ የሰፈር ሽማግሌ ሳይቀር አነጋገራችሁ። የዘለላችኋት እሷን ብቻ ነው። ለምን ከቤት ወጣች? የት ነው የምታድረው? ማን ነው የሚያበላት? አንዱም ዘገባችሁ ውስጥ የለም።

የእህቴ ልጅ አንብባው ስታበቃ «ለካ አይቻልም» አለችኝ። አዋጁን አውጥቼ አሳየኋት። እሷ እኔ አለኋት። ያንኑ አንብበው «አይቻልም» ብለው የተዉት ልጆች ግን የሚያሳያቸው የላቸውም፣ ያ የናንተ ዕዳ ነው። እርማቱን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን አውጡልን። ከታች በደቃቃ ፊደል ሸጉጣችሁ እንዳታልፉት።

አክስት ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ