ዕቃ ቤቱን ለልጆቹ እንልቀቅላቸው

እንደምን ሰነበታችሁ የሰፈራችን ሰዎች? ሐዋሳ ያላችሁም፣ ርቃችሁ የሄዳችሁም።

የዕድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን ቆጥሬ አስረክባለሁ፣ ቆጥሬ እረከባለሁ። ስለዚህ ሰው ሲሞት ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ ነኝ።

አምና አንድ ጎረቤታችን በድንገት አረፈ። ድንኳኑን ስንተክል የ6 ዓመት ልጁ ሮጦ መጣና ገመዱን ያዘልኝ። «ጋሼ፣ የማን ሠርግ ነው?» አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም። ድንኳኑ ያው ነው። ከወር በፊት እዚያው መንገድ ላይ ለሠርግ ተክለነው ኬክ በልቶበታል። እኔ ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? ምንም። እጁን ይዤ ጎረቤት ቤት አስገባሁት፤ ቴሌቪዥን ተከፈተለት። ሦስት ቀን እዚያው ቆየ። ድንኳኑ ሲነቀል ቤቱ መለስነው። አባቱን ሲጠይቅ «ክፍለ ሀገር ሄዷል» ተባለ። ባጃጅ በራቸው ላይ በቆመ ቁጥር እየሮጠ ይወጣ እንደነበር እናቱ ኋላ ነገረችኝ።

ዕድራችን መቅበር ያውቅበታል። ለቀስተኛ ማስተናገድም ያውቅበታል። ልጆቹን ግን ወይ እንደብቃቸዋለን፣ ወይ እንዋሻቸዋለን። ክፋት አይደለም፤ እንዳይደነግጡ ብለን ነው።

ከአባሎቻችን መካከል አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። በወር ስብሰባችን ላይ ስታስረዳን ብዙዎቻችን አቀርቅረን ነበር የሰማናት። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ አይገባውም። ትንሽ ከፍ ያለው «እኔ ስላስቸገርኳት ነው የሞተችው» ብሎ ራሱን ሊወቅስ ይችላል። 9 እና 10 ዓመት ሲሞላው እንደ ትልቅ ሰው መረዳት ይጀምራል። «ተኝቷል» ያልነው ልጅ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» ያልነውስ? «እኔንም ቢወደኝስ?» ብሎ ይጨነቃል። ስለዚህ በግልጽ «ሞቷል» ማለት ይሻላል። አይመለስም፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ከእንግዲህ የምታሳድግህ አክስትህ ናት። ልጅ የሚፈልገው ይህን ያህል ነው። አልቅሶ ሳይጨርስ ኳስ ሊጫወት ቢወጣም ረስቷል ማለት አይደለም። ሐዘኑ በሌላ ቀን ሆድ ቁርጠት ሆኖ፣ ወይም አልጋ ላይ መሽናት ሆኖ ይመጣል።

ከፍ ያሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። የ15 ዓመቱን ልጅ «አይዞህ፣ ከእንግዲህ አባወራው አንተ ነህ» እንለዋለን። እሱም እሺ ብሎ ዋጥ ያደርገዋል። ከዚያ ውጤቱ ሲወርድ፣ በሆነ ባልሆነው ሲቆጣ «ምን ነካው?» እንላለን። የእናቷን ልቅሶ ሙሉውን ቡና ስታፈላ ያለፈች የ14 ዓመት ልጅ አውቃለሁ። ገቢ ወጪው «ጎበዝ!» ይላታል። እኔም ብያለሁ። ለማልቀስ ተራ አልደረሳትም።

ሲዳማዎች በጉባኤ ነገር ሲጀምሩ «አፊኒ» ይላሉ፤ ሰምታችኋል ወይ? እንደማለት ነው። እኛ ልጆቹን እንዲህ ብለን አናውቅም።

እንግዲህ ያሰብነው ይህ ነው። ከዕቃ ቤቱ ሁለት ክፍሎች ሰፊውን ለልጆች እንልቀቅ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው የሞተባቸው ልጆች ይሰብሰቡበት፤ ትንንሾቹ ለብቻ፣ ጎረምሶቹ ለብቻ። ይሳሉ፣ ይጫወቱ፣ ማውራት ያማረው ያውራ፣ ያላማረው ዝም ይበል። ሲመቸን ወደ አሞራ ገደል ወስደን ሐይቁ ዳር እናናፍሳቸዋለን። ሦስት እናቶችና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በነፃ ሊያግዙ ቃል ገብተዋል። ባለሙያዋ በወር ሁለት ጊዜ ትመጣለች። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም የዕድራችን ልጅ ነው፤ አባል ያልሆነ ቤት ልጅም አይመለስም።

ለድስቱና ለአግዳሚው በግቢው ጥግ የቆርቆሮ መጠለያ መሥራት አለብን፤ ትልቁ ወጪ እሱ ነው፣ 95,000 ብር። ምንጣፍ፣ መስኮት፣ ቁምሳጥን፣ ቀለምና ኳስ 38,000 ይፈጃል። ለባለሙያዋ የዓመት አበል 48,000፣ ከአላሙራ በኩል ለሚመጡት ልጆች የባጃጅ 24,000 ይዘናል። ድምሩ 205,000 ብር ነው። ዕድሩ 60,000 መድቧል፤ የጎደለው 145,000 ነው። 300 ያህል አባላት ነን፤ እያንዳንዳችን 500 ብናዋጣ ይተርፈናል። ግን ኑሮው እንደምታውቁት ነው። ሃምሳ ብር ያለው ሃምሳ ይስጥ፣ ያለው ይጨምር።

ገንዘቡን ለገንዘብ ያዣችን ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። የባንክ ሒሳቡ ቁጥር የዕድሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል፤ ውጭ ያላችሁ ዘመድ ልካችሁ አስወስዱ። ወጪው በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የልጆቹን ፎቶ ግን አንስተን አንለጥፍም፤ ለጋሽ ቢጠይቅም አንሰጥም።

አናጺ፣ ቀለም ቀቢ፣ ብየዳ የምትችሉ አንድ ቀን ጉልበታችሁን ብትሰጡን ከገንዘብ አይተናነስም። ቤት የተቀመጠ የሥዕል ደብተር፣ ዳማ፣ የልጆች መጽሐፍም እንቀበላለን። ክፍሉን ማየት የሚፈልግ እሑድ ጠዋት ብቅ ይበል፤ እከፍትለታለሁ። አሁን እስከ ጣሪያው ድስት ነው፣ ጫማችሁን ጠብቁ።