43ኛው ደቂቃ ላይ ያለውን አንቺ ስሚልኝ

ሚጣዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ስራው እንዴት ይዞሻል? እኔ ክብር ለሱ ይሁን ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ቮይስ ልልክልሽ ነበር፣ ግን አንቺ የኔን ቮይስ እያፈጠንሽ ነው የምትሰሚው አሉ፣ ወንድምሽ ነው የነገረኝ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ፣ እስቲ ይሄን አፍጥኚው።

የላክሽልኝ ስልክ በጣም ነው የጠቀመኝ። የድሮው ግማሽ ሰዓት ሲቀዳ ይሞትብኝ ነበር፣ ይሄኛው 2 ሰዓት ቀድቶም ባትሪው ገና ነው። ጡረታ ስትወጪ ምን ልትሰሪ ነው ስትዪኝ አልነበር፣ ይኸውልሽ የድሮውን የካፋ ወሬ ሲነግሩኝ እስካሁን 11 ሽማግሌና 6 እናቶች በስልኩ ቀድቻለሁ፣ ጊምቦ፣ ውሽውሽ፣ ጨና ሁለቴ፣ ዴቻ ደግሞ አንዴ ሄጄ ዝናብ ከመንገድ መለሰኝ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፣ እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው። የመጀመሪያዎቹ 4ቱ ጠፍተዋል። ስክሪኑ ሲሰበር አንድ ስልክ ቤት ሰጠሁት፣ ልጁ አጥፍቼ ልጫነው አለኝ፣ እኔ ደግሞ ምን እንደሚያጠፋ መች ገባኝ፣ እሺ አልኩት። ስልኩ አዲስ ሆኖ መጣ፣ ውስጡም አዲስ። ከዛ አንደኛው ሽማግሌ ጋ ተመልሼ አባባ እባክዎ ይድገሙልኝ ብላቸው ተቆጡ፣ «ቲቸር፣ አንዴ የነገርኩሽን ደግሜ የምነግርሽ ፈተና ነው?» አሉኝ። ደጋግሜ ለምኛቸው ነገሩኝ፣ ግን ያኔ አንድ ሰዓት የፈጀው ወሬ 10 ደቂቃ ሆነ፣ የሳቁበት ቦታ ሁሉ የለም። አሁን እቤት ሳልደርስ ገና ኔትወርክ እንዳገኘሁ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልከዋለሁ፣ ለወንድምሽም እልክለታለሁ፣ አይሰማውም ግን ይቀመጣል።

ቀረጻው ራሱ ቀላል መስሎኝ ነበር፣ 34 ዓመት ሰው ፊት ቆሜ የተናገርኩ ሰው ስልክ ላስቀምጥ ነው እንጂ ምን አለው ብዬ። እንደሱ አይደለም። ቡና ሳይፈላ ማንም አያወራሽም፣ ቡናው ሲወቀጥ ደግሞ ሙቀጫው ሰውየውን ይውጠዋል፣ ስለዚህ አቦሉ እስኪጠጣ ዝም እላለሁ፣ ከዛ ነው የምከፍተው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን የታጠፈ ነጠላ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ አለበለዚያ ሲኒ በተነሳ ቁጥር ጧ ይላል። ኤሮፕሌን ሞድ ማድረግም ለምጃለሁ፣ ምክንያቱም አንዴ አንቺ ደውለሽ ስለ ጠጅ አጣጣል የሚያወሩትን እማማ ቁርጥ አድርገሽብኛል። ቆርቆሮ ቤት ከሆነና ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ቅጂ የሚባል ነገር የለም፣ የቦንጋን ዝናብ ታውቂው የለ።

ትልቁ ጥፋቴ ግን አጠያየቄ ነበር፣ አስተማሪነቴ አልለቅ ብሎኝ። የካፋ የመጨረሻው ንጉስ ማን ይባላሉ፣ እላለሁ። እሳቸውም ቀጥ ብለው ተቀምጠው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ፣ በ1889 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ይዞ መጣ፣ ንጉሱ ተማርኮ ወደ ሸዋ ተወሰደ፣ አበቃ። ይሄን እኮ እኔም ክፍል ውስጥ ሳስተምር ኖሬያለሁ፣ ምን ልቅዳ ብዬ ነው ዳገት የወጣሁት? አንድ ቀን ነው ሳላስበው ከአንዱ አባባ ቡና ማሳ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ አይቼ ይሄ ቦይ ለውሃ ነው ብዬ የጠየቅኩት። ሳቁብኝ። የንጉሱ ቦይ ነው አሉኝ፣ ያ ካፋ ድሮ ድንበሩን የከበበበት ጥልቅ ጉድጓድ፣ በር በሩ ላይ ዘበኛ የነበረበት። ተነሱና ከዘራቸውን ይዘው ጫፉን ጫፉን ሄዱ እኔም ስልኩን ይዤ ከኋላ፣ ቅጂው ላይ እግራችንና ትንፋሻቸው ነው የሚሰማው፣ የት ጋ እንደተደፈነ፣ ማን እንሰት እንደተከለበት፣ እሳቸው ልጅ ሆነው ጥጃ ገብታበት በገመድ እንዴት እንዳወጧት፣ አያታቸው እዚህ ጋ ቆመው ምን እንዳሉ። ከዛ ወዲህ ንጉስ ማነው ብዬ አልጠይቅም፣ አይኔ ያየውን ነገር ነው የምጠይቅ።

ዓመት ብለሽ ከጠየቅሽም መልስ የለም። ጣልያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር፣ መሬት ላራሹ ሲባል ሁለተኛ ልጄ ተወልዳለች፣ እንደዚህ ነው የሚቆጥሩት፣ እኔ ማታ በደብተር አስተካክላለሁ፣ ጣልያን ሲወጣ 1933፣ መሬት ላራሹ 1967።

በነገራችን ላይ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም፣ እንዳትኮሪብኝ። ፍሬድሪክ ቢበር የሚባል የኦስትሪያ ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1905 ካፋ መጥቶ፣ መንግስቱ በወደቀ ገና በስምንት ዓመቱ ማለት ነው፣ ያዩትን ሰዎች ራሳቸውን ጠይቆ ጽፏል፣ ያውም በጀርመንኛ። አስቢው፣ የአያቶቻችንን ወሬ ቪየና ሄደሽ ነው የምታነቢው። ዘውዱንም እንደዛው የምኒልክ አማካሪ የነበረው አልፍሬድ ኢልግ ስዊዘርላንድ ወስዶት ነበር፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው የተመለሰው። ይሄን ለአንድ ሽማግሌ ብነግራቸው «ተመለሰ? እኛ ግን አላየነውም» ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አሳፍሮኛል። የሽማግሌ ስም ዝርዝር ሲሰጡኝ ማንጆ፣ እነዚያ ሰው አግልሎ የሚያያቸው ወገኖች፣ አንድም ሰው አልነበረበትም፣ እኔም ሳልጠይቅ 9 ሰው ቀድቼ ነበር። አንድ ቀን ከሰል ይዘው የሚመጡት ሰውዬ፣ ታስታውሻቸው የለ በልጅነትሽ ማር በቅጠል ጠቅልለው ይሰጡሽ የነበሩት፣ «ሰው እየቀዳሽ ነው አሉ» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ዝም አሉ። እርስዎንስ ልቅዳ ስላቸው ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ፣ ሌላ ሰው የተጠራ ነው የመሰላቸው። ይግቡ ብል በሩን አላለፉም፣ ደጃፉ ላይ ግንዱ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጫካውን ቀፎ በቀፎ ነገሩኝ፣ የቱ ዛፍ ላይ ማን እንደሰቀለ፣ ንብ ስትቆጣ ድምጿ እንዴት እንደሚቀየር በአፋቸው አሰሙኝ። የንጉሱን በር ይጠብቁ የነበሩት የኛ አባቶች ናቸው፣ ግን በሩን ጠብቀን ቤት አልገባንም አሉ። ይቺን ሲሉ ሳቅ ብለው ነው፣ እኔ ነኝ ያልሳቅኩት። ሲኒ ስሰጣቸው ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ አየችኝ፣ እስካሁን ፊቷ ልክ አይደለም፣ ይለፋት።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ።

የዛሬ 3 ሳምንት ጨና አጠገብ አንድ 90 የሚሆናቸው አባባ ጋ ሄድኩ፣ ባለቤታቸውም አሉ። በአማርኛ ነው ያወራነው ምክንያቱም የኔ ካፊኖኖ የገበያ ነው፣ ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ እሺ፣ ከዛ አያልፍም። ስለ ገባር ጊዜ እየነገሩኝ ነበር፣ አባታቸው ለአንድ ሸዌ ወታደር ገባር ሆነው እንጨት እየፈለጡ፣ ማር እየወሰዱ፣ እህል እየፈጩ ጣልያን እስኪገባ ድረስ እንደኖሩ። ጥሩ ሰው ነበር አሉ ወታደሩን። እኔም የዋህ፣ ቤቱ የት ነበር አልኳቸው። ከወንዙ ማዶ ዋርካው ያለበት አሉኝ። ሚጣዬ፣ ዋርካውን ታውቂዋለሽ። ያ የአያቴ ቤት ነው።

ነገርኳቸው፣ ምን ላድርግ፣ ልደብቅ? የልጅ ልጁ ነኝ አልኳቸው። እሳቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ፣ ከዛ አልተቆጡም ምንም፣ እማማም ቡና ጨመረችልኝ። ከዛ ግን አባባ ፊታቸውን ወደ ባለቤታቸው አዙረው በካፊኖኖ መናገር ጀመሩ። እሷም መለሰች። 10 ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ፣ አንዴ ድምጻቸው ከፍ ይላል አንዴ ይወርዳል፣ የአያቴን ስም ሁለቴ ሰማሁ፣ «ቲቸር» የምትለዋንም። ሌላው አልገባኝም። ከዛ ወደኔ ዞረው በአማርኛ «ጥሩ ሰው ነበር» አሉኝ እንደገና፣ ጨዋታችን ቀጠለ።

ስልኩ ከፊታቸው ነጠላው ላይ ነበር፣ የቅጂውን መብራት ያዩታል፣ ስለዚህ የሰረቅኩት አይደለም፣ ግን ሰጥተውኛል ማለትም አይደለም። ለዛ ነው ለማንም ያላሰማሁት። የጎረቤት ልጅ ጠርቼ ተርጉምልኝ ማለት አቃተኝ፣ ምን እንዳሉ ሳላውቅ ሰፈር ቀድሞኝ ቢያውቀውስ? አንቺ ግን ካፊኖኖን ከነ ቀልዱ ነው የተማርሽው፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ቆጮ እየበላሽ። ታስታውሺ እንደሆነ ኖኖ ማለት አፍ ማለት ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ 6 ዓመትሽ ነበር፣ የካፋ አፍ ብለሽ።

በቴሌግራም አልልከውም። ለገና ፈቃድ ካገኘሽ ነይና አብረን ቁጭ ብለን እንስማው፣ 43ኛው ደቂቃ ላይ ነው የሚጀምረው። ካልተመቸሽ ለፋሲካ። ምን እንዳሉ ሳታለዝቢ ንገሪኝ፣ «ጥሩ ሰው ነበር» የሚለውን ሁለቴ ሰምቼዋለሁ። ከሰማሁ በኋላ ወደ ጨና ተመልሼ ይሄን ነገር ላስቀምጠው ወይስ ላጥፋው ብዬ ራሳቸውን እጠይቃለሁ፣ አንቺም ብትኖሪ ደስ ይለኛል፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚጠይቃቸው ሰው ይኑር።

ስትመጪ ቻርጀሩን አትርሺ፣ የዚኛው ገመድ አንገቱ ጋ ተላልጧል። ኮረሪማና ጥምዝ አዘጋጅቼልሻለሁ። ጎረቤቴ ካኮረፈች ወዲህ ምጣድ የምዋሰው ከታች ሰፈር ነው፣ ስለዚህ ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪኝ።

እናትሽ