ጊታር ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን።

ጊብሰን ሌስ ፖል የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር ልትገዛ ቆርጠህ፣ ሠሪው የጊብሰን ኩባንያ ከስሮ እንደነበር ስትሰማ ፈራህ አሉ። «ዛሬ ገዝቼው ነገ ቢዘጋስ?» ብለሃል።

እርግጥ ነው፣ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 አሜሪካ ውስጥ በኪሳራ ሕግ ከለላ ጠይቋል። ዕዳው እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ግን ጉድ የሠራው ጊታሩ አይደለም። ጊታሩማ ይሸጥ ነበር። የያኔው አለቃ ሄንሪ ጀስኪዊዝ በ1986 ከሸሪኮቹ ጋር ሲገዛው ኩባንያው እያጣጣረ ነበር። ያኔ ያዳነው እሱ ነው፣ ይህን አልክድበትም። ኋላ ላይ ግን ጊታር ብቻ መሥራት ያነሰበት መሰለኝ። በ2014 የፊሊፕስን የሄድፎንና የስፒከር ንግድ በ135 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዕዳው የተቆለለው በዚህ ዓይነቱ መስፋፋት ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የኤሌክትሮኒክሱ ክፍል እንዲዘጋ ተደረገ። የጊታሩ ሥራ ቀጠለ፤ ባለቤትነቱም ኬኬአር በተባለ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት መሪነት ወደ አበዳሪዎቹ ዞረ።

ስለዚህ ይዘጋል ብለህ አትስጋ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ይሄኛው ስም ጭራሽ መቃብርም አልገባ። እኔን የሚያሳስበኝ ለስሙ ብቻ ብለህ ገንዘብህን እንዳታፈስ ነው።

ያገለገለ ካየህ መጀመሪያ አንገቱን ገልብጠህ እይ። የጊብሰን ራስ፣ ማለትም የመቃኛ ቁልፎቹ ያሉበት ጫፍ፣ ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። አንገቱ ማሆጋኒ ነው፤ ክሮቹ ወደ ራሱ የሚሻገሩበት ቦታ ላይ ደግሞ በአንገቱ ውስጥ ላለው ብረት ማስተካከያ ተብሎ ተቦርቡሯል። ጊታሩ ከመቆሚያው ከወደቀ የሚሰበረው እዚያ ነው። በባትሪ ብርሃን አስጠግተህ ቀለሙን ተመልከት፤ ፀጉር የመሰለ መስመር ካየህ ተሰብሮ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በደንብ የተጠገነ ያገለግላል፣ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። «ምንም አይልም» ቢሉህ እሺ እንዳትል።

የ2015 ሞዴል ካጋጠመህ ደግሞ ክሩን በሞተር የሚቃኝ መሣሪያ ከራሱ ጀርባ ተገጥሞበት ይሆናል። ኩባንያው በአብዛኞቹ ጊታሮቹ ላይ አድርጎት ነበር፤ ብዙ ተጫዋች አልወደደውም። በእጅ የሚዞር ቁልፍ ምን ጎደለው?

ከዚያ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሰካውና እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ በተደረደሩት የብረት መስመሮች ሁሉ፣ ተጫወት። እንደ ንብ ጥዝ የሚል ድምፅ ካለ ስማ። ክሩን ባዶውን መትተህ፣ ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ ምታው፤ ቅኝቱ ካልገጠመ ማስተካከያ ይፈልጋል። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን ስታዞር ቢንኮሻኮሽ ግን አትደንግጥ፣ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው።

እኔን ብትሰማኝ ኢፒፎንንም ሞክር። ከ1957 ጀምሮ የጊብሰን ንብረት ነው፣ ሌስ ፖልንም በራሱ ስም በርካሽ ይሠራል። በተረፈህ ገንዘብ ደህና አምፕ ግዛበት፤ በመናኛ አምፕ ውድ ጊታርም ደህና ድምፅ አይሰጥም።

ከመክፈልህ በፊት የአንገቱን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

አባትህ