«በጥናት ተረጋግጧል» ሲባል የትኛው ጥናት?

ክቡር አዘጋጅ፣

የሕዝብ መገልገያ ቦታዎችን ከትንባሆ ጭስ ነፃ የሚያደርግ ሕግ ለክርክር በቀረበ ቁጥር ደጋፊውም ተቃዋሚውም «በጥናት ተረጋግጧል» እያለ ይነሣል። ጥናቱ የት፣ በስንት ሰዎች ላይና በማን ገንዘብ እንደተሠራ አስረድቶ የሚቀመጥ የምክር ቤት አባል ግን እምብዛም አያጋጥምም፤ ዘጋቢዎችም ሲጠይቁ አይታይም።

እኔ ሕጉን ከሚደግፉት ነኝና ከራሴ ወገን ልጀምር። ደጋፊዎች ሕጉ በወጣ ማግስት ድንገተኛ የልብ ሕመም በ40 በመቶ እንደሚቀንስ መናገር ይወዳሉ። ቁጥሩ ፈጠራ ባይሆንም የተገኘው ሄለና ከምትባል አነስተኛ የአሜሪካ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሕጉ ለስድስት ወራት ሲሠራባት በዚህ ሕመም ሆስፒታል የገቡት 24 ሰዎች ሲሆኑ፣ በሌሎቹ ዓመታት ተመሳሳይ ወራት አማካዩ 40 ነበር። በእንዲህ ያለ ጥቂት ቁጥር ላይ የአሥር ሕሙማን ልዩነት መቶኛውን ከወዲያ ወዲህ ይወስደዋል። በስኮትላንድ በዘጠኝ ሆስፒታሎች የተካሄደው ጥናት 17 በመቶ፣ መላ እንግሊዝን የሸፈነው ደግሞ 2.4 በመቶ ቅናሽ አግኝተዋል። ይህ የመጨረሻው ለንግግር የማይመች ቁጥር ቢመስልም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሆስፒታል ከመግባት የዳኑ 1,200 ያህል ድንገተኛ ሕሙማን ማለት ነውና፣ ለእኔ ሕጉን ለመደገፍ ከበቂ በላይ ነው።

ተቃዋሚዎች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመውን፣ የካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለውንና ከአጫሽ የትዳር ጓደኛ ጋር መኖር ለሞት ያጋልጣል የሚለውን ውጤቱ እንደማይደግፍ የደመደመውን ጥናት ይጠቅሳሉ። የወጪው ከፊል በትንባሆ ኩባንያዎች መሸፈኑን አይናገሩም። ለነገሩ ገንዘቡ ብቻውን ጥናትን ውድቅ አያደርግም፤ ከዚያ የሚብሰው ችግር ማነፃፀሪያው ነው። ተሳታፊዎቹ የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ፣ በሥራ ቦታም በመጓጓዣም እንደልብ ይጨስ በነበረበት ዘመን በመሆኑ፣ «ጭስ አልነካቸውም» ተብለው የተመደቡት ሰዎችም ከጭስ አልራቁም ነበር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ሰነድ የበርካታ አገሮችን ጥናቶች በአንድነት መርምሮ የሌሎች ሰዎች የትንባሆ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን አረጋግጧል፤ አንድ ጥናት ነጥሎ የሚያነሣ ተናጋሪ ይህን ሁሉ ለምን እንዳለፈው መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የፖለቲከኞችን ንግግር ሲዘግብ፣ ከተጠቀሰው መቶኛ ጎን ጥናቱ የተሠራበትን ቦታ፣ የተሳታፊዎቹን ቁጥርና ወጪውን የሸፈነውን አካል በአንድ መስመር እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ